ቫልፕሮኤት የሚወስድ ልጅ ጉበቱ እንዳይጎዳ፦ ከፋርማሲ መስኮት እስከ ድንገተኛ ክፍል

የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ይታዘዛል፤ ቤተሰቡም ሽሮፑን ይዞ በጅማ ዙሪያ ወዳሉት ወደ ሰቃ፣ ወደ ደዶ ወይም ወደ አጋሮ ይመለሳል። መድኃኒቱ ይሠራል፤ መጣሉ ይቀራል። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ልጁ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ ቀን ሙሉ ይተኛል። ቤት ውስጥ «ወባ ነው» ይባላል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ሆስፒታል ሲደርስ ጉበቱ ደክሟል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገጥመው ከስንት አንዱን ልጅ ነው፤ ከገጠመ ግን ቀን አይሰጥም።

መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። እዚህ የተጻፈው ቤት ውስጥ የእናንተ ድርሻ የሆነው ነው፤ ሲበላሽ የምናየውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

መድኃኒቱና ምግቡ የሚገናኙበት ቦታ

ካርኒቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ስብን ተሸክሞ ኃይል ወደሚመረትበት የሴል ክፍል፣ ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ ማስገባት ነው። ከሥጋና ከወተት እናገኘዋለን፤ የቀረውን ጉበትና ኩላሊት ላይሲንና ሜታዮኒን ከሚባሉ የፕሮቲን ክፍሎች ይሠሩታል። ለመሥራትም ብረት፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ቢ6 እና ናያሲን ይፈልጋሉ።

ቫልፕሮኤት ከካርኒቲን ጋር ተጣብቆ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ በተወሰደ ቁጥር ክምችቱ ይቀንሳል። የሚበላ ልጅ ይተካዋል፤ የከሳ ወይም ምግብ የዘጋው ልጅ አይተካውም። ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ ስብ ወደ ማቃጠል ይዞራል፤ ስቡን የሚያስገባ ካርኒቲን ከሌለ ግን ስቡ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፣ የደም ስኳር ይወርዳል፣ አሞኒያ የሚባለው የሰውነት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይጨምራል። አሞኒያ አንጎልን ያፈዛል። የካርኒቲን ማነስ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ ጉበት መድኃኒቱን ሲያፈርስ የሚወጣ መርዛማ ነገርም አለበት። ቤት ውስጥ በእጃችሁ ያለው ግን የምግቡ ወገን ነው።

ደረጃ 1፦ ከመጀመሩ በፊት ሳትጠየቁ ተናገሩ

የክሊኒኩ ወረፋ ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ሁሉንም ላይጠይቃችሁ ይችላል። እነዚህን ራሳችሁ አንሡ፦

1. ልጁ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ።
2. ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት (ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን) ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ። ስሙን ለማስታወስ አትድከሙ፤ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ።
3. እህት ወይም ወንድሙ በሕፃንነት በጉበት በሽታ፣ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ መንፈራገጥ ከሞቱ። በዘር የሚወረድ የሚቶኮንድሪያ ችግር ካለ ቫልፕሮኤት ጨርሶ አይሰጥም።
4. መቀመጥ፣ መራመድ ወይም መናገር የዘገየ ከሆነ።
5. የከሳ ከሆነ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዱን በመለኪያ ትለካለች፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የምግብ እጥረት ነው፣ ከ11.5 በታች ደግሞ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ቁጥሩን አጽፉና ለሐኪሙ አሳዩ።

ዕድሜውን አጥብቀን የምንጠይቀው በምክንያት ነው። ከ1978 እስከ 1984 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ከ2 ዓመት በታች ሆነው ቫልፕሮኤትን ከሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ከወሰዱት ከ500 አንዱ በጉበት መድከም ሞቷል። መድኃኒቱን ብቻውን ከወሰዱት፣ ሁሉም ዕድሜ ተደምሮ፣ ከ37,000 አንዱ ነበር።

ከዚያ የመነሻ የደም ምርመራ ጠይቁ፦ የጉበት ጉዳት የሚያሳዩት ኤ.ኤል.ቲ እና ኤ.ኤስ.ቲ (አንዳንድ ወረቀት ላይ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ እና ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ ተብለው ይጻፋሉ)፣ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ የደም መርጋትና ፕላትሌት። ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንሡት። ካርድ ይጠፋል፤ የመነሻ ቁጥር ከሌለ ደግሞ የኋላው ውጤት ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም።

ደረጃ 2፦ ፋርማሲ መስኮት ላይ

1. ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር» ከሚለው ጋር ያለውን ቁጥር አንብቡ። 200 ሚሊ ግራም የሚል አለ፣ 250 ሚሊ ግራም የሚልም አለ። ለልጁ 120 ሚሊ ግራም ከታዘዘለት በመጀመሪያው 3 ሚሊ ሊትር ነው፣ በሁለተኛው 2.4። ያለፈው ወር ልማድ ሆኖባችሁ ከአዲሱ ጠርሙስ 3 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ 150 ሚሊ ግራም ሰጣችሁ ማለት ነው። የአምራቹ ስም በተቀየረ ቁጥር ይህን ሒሳብ ፋርማሲስቱ ፊታችሁ ይሥራው።

2. መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጠይቁ። የሻይ ማንኪያ አይሆንም፤ የአንዱ ቤት ማንኪያ ከሌላው ቤት አይመሳሰልም። ልኩን ሲሪንጁ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩበት። ከዚያ መስኮቱ ላይ እንዳላችሁ ውኃ ቀድታችሁ አሳዩ፤ ፋርማሲስቱ «ልክ ነው» ሳይል አትሂዱ።

3. ኪኒን ከሆነ ልባስ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ልባስ ያለው አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ አይታኘክም። ልጁ መዋጥ ካልቻለ ፈጭታችሁ ገንፎ ውስጥ ከመክተት ይልቅ ተመልሳችሁ ሽሮፕ አስቀይሩ።

4. ኪኒኑን ከማሸጊያው ቀድማችሁ አታውጡ። ይህ መድኃኒት እርጥበት ይስባል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ወረቀት ላይ ተቆጥሮ የተቀመጠ ኪኒን በጥቂት ቀን ውስጥ ይልማል፤ የላመውን አትስጡ።

ደረጃ 3፦ አሰጣጥ

በቀን ሁለት ጊዜ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይመቻል። «በየ12 ሰዓቱ» የሚለው ጽሑፍ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እንዲያው በዕድል ልክ ይሆናል፤ «በየ8 ሰዓቱ» የሚለውን ግን ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት ብለው የሰጡ አሉ። ስለዚህ «በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ አስጽፉ።

ከምግብ ጋር ስጡት። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል፤ ያቅለሸለሸው ልጅ ደግሞ ምግብ ይተዋል።

*ከተረሳ፦* በቀን ሁለቴ የሚወስድ ልጅ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የ4 ሰዓት ጊዜ ሳይሞላ ካስታወሳችሁ ስጡት። ከዚያ ካለፈ ተዉትና የሚቀጥለውን በሰዓቱ ስጡ። ሁለት ልክ አንድ ላይ አይሰጥም።

*ካስመለሰ፦* ከሰጣችሁት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካወጣው አንድ ጊዜ ድገሙለት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሆነ አትድገሙ። ደጋግሞ ካስመለሰ ግን ጥያቄው የመጠን መሆኑ ቀርቷል፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

*ከተሻለው፦* አታቋርጡ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያቆም መንፈራገጥ ያስነሣል። ጠበል የሚሄድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ቤተሰብ ጠርሙሱን ይዞ ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ደረጃ 4፦ ማዕድ

ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምይዘው ይህን ነው።

በጅማ ዙሪያ የብዙ ቤት የልጅ ምግብ በቆሎ ወይም ቆጮ ነው። ሆድ ይሞላሉ። ቆጮ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ከላይ የጠቀስነው ላይሲን ያንሰዋል። ቫልፕሮኤት የሚወስድ ልጅ የበቆሎ ገንፎ ብቻ እየበላ ቢጠግብም ጉበቱ ካርኒቲን የሚሠራበት ነገር ያጣል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ላይሲን አላቸው፣ የጎደላቸውን ሜታዮኒን ደግሞ እህሉ ይሞላል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ እህል ወይም ቆጮ ብቻውን አይቅረብ።

ለአንድ ቀን ምሳሌ ብንወስድ፦

- *ጠዋት፦* ገንፎ በወተት፣ ወይም እንቁላል በዳቦ። ሻይ በዳቦ ቁርስ አይባልም፤ ሻይም ሆነ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። የቡና አገር ልጅ ቢሆንም ከማዕዱ ላይ ቡና ይቅርበት።
- *ቀን፦* እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ከጎኑ ጎመን። ሽሮው ወፈር ይበል፤ ለእንግዳ እንደሚቀጥነው አይቅጠን።
- *መክሰስ፦* ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ ማንጎ ወይም ፓፓያ። ቫይታሚን ሲው ከዚህ ይመጣል።
- *ማታ፦* ቆጮ በአይብ፣ በወተት ወይም በባቄላ። ሥጋ ሲገኝ ለልጁ በትንሹም ቢሆን ይድረሰው፤ ካርኒቲኑ በብዛት ያለው ቀይ ሥጋ ውስጥ ነው።

*እራት ሳይበላ አይተኛ።* ከምሳ እስከ ጠዋት ባዶ ሆድ ማደር ለዚህ ልጅ ረጅም ጾም ነው። ተኝቶ ካገኛችሁት ቀስቅሱት፤ ግማሽ ኩባያ ወተት በስኳር ቢሆንም ይጠጣ።

*በጾም ወቅት።* ትንሽ ልጅ አይጾምም፤ ይህን ቄሱም ሼኩም ያውቁታል። ችግሩ የሚመጣው ቤተሰቡ ሲጾም ለልጁ ተለይቶ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ነው። ቢያንስ ወተቱና እንቁላሉ ለልጁ ይቀመጥ፤ ቤት ውስጥ ከሌለ ባቄላውና ሽምብራው በእጥፍ ይቅረብ። ረመዳንን መጾም የሚፈልግ ጎረምሳ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ዘንድ ይቅረብ። መድኃኒቱን በራሱ ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሁር እንዳያዛውር፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ያለው ጊዜ ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ካለው ጋር እኩል አይሆንም፣ የጉበቱ ሁኔታም መታየት አለበት። ሱሁርን መዝለል ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

*ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ሲይዘው።* በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይቅመስ፦ ስኳር ወይም ማር የተቀላቀለበት ቀጭን አጥሚት (ማሩ ከዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም)፣ ወተት፣ ሾርባ። ለትኩሳት አስፕሪን አትስጡ፤ አስፕሪን የቫልፕሮኤትን ጉልበት ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፣ በልጆች ጉበት ላይም የራሱ ጣጣ አለው። ፓራሲታሞል በልኩ ይሰጣል። ግማሽ ቀን ምንም አልቀምስ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ስኳሩ ይለካ።

*የካርኒቲን ዱቄት ልግዛ?* ስፖርት ቤት አካባቢ ለማክሳት ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ። ሐኪም የካርኒቲን ማነስ ሲጠረጥር ሌቮካርኒቲን ያዛል፤ የተለመደው በአፍ የሚሰጥ መጠን በቀን ለኪሎ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው፣ በአጠቃላይም ከ3 ግራም አያልፍም። ታዝዞለት የልጁ ሰውነት ዓሣ ዓሣ ቢሸት አትደንግጡ፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ ንገሩን እንጂ አትተዉት።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ 6 ወራት

አብዛኛው ከባድ የጉበት ጉዳት የሚታየው በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ቀጠሮ አትዝለሉ። መንገዱ ካስቸገራችሁ ሐኪሙን «ደሙ እዛው ወረዳ ይወሰድና ውጤቱን ላምጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለተራው የጉበት ምርመራ ይቻል ይሆናል።

ኤ.ኤል.ቲ ትንሽ ከፍ ቢል በራሱ የሞት ደወል አይደለም፤ ብዙ ልጆች ላይ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ይመለሳል። የሚያስፈራው ከፍታው ከምልክት ጋር ሲመጣ ወይም የደም መርጋት ውጤት ሲበላሽ ነው። ተቃራኒውንም ያዙት፦ ኤ.ኤል.ቲ ደህና ሆኖ አሞኒያ ከፍ ሊል ይችላል። «ጉበቱ ነጻ ነው» የተባለ፣ ግን የፈዘዘ ልጅ አሞኒያው ይታይ።

የአሞኒያ ምርመራ ሲታዘዝ አንድ ነገር ይበላሻል። ደሙ እንደተቀዳ በረዶ ላይ ተቀምጦ ወዲያው ላቦራቶሪ መግባት አለበት። ብልቃጡን በኪስ ይዛችሁ፣ ባጃጅ ተሳፍራችሁ፣ ከተማውን አቋርጣችሁ ሌላ ላቦራቶሪ ብታደርሱት መንገድ ላይ ቁጥሩ በራሱ ይጨምራል። ልጁን ራሱን ማሽኑ ወዳለበት ውሰዱት፤ ደሙ እዛው ይቀዳ።

ደረጃ 6፦ የአደጋ ምልክት

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ናችሁ፦

- ደጋግሞ ማስመለስ፣ ወይም ምግብ ጨርሶ መጥላት
- ከወትሮው ውጭ መተኛት፣ መፍዘዝ፣ ሲቀሰቀስ ሰው አለመለየት
- ቆሞ የነበረው መጣል መመለሱ ወይም መብዛቱ
- የፊት ወይም የእግር እብጠት
- የነስር ደም፣ የድድ ደም፣ ሳይመታ መበለዝ
- የበረታ የሆድ ሕመም (ይህ መድኃኒት ጣፊያንም ሆነ ጉበትን ሳይሆን ቆሽትን ሲነካ የሚመጣ ሊሆን ይችላል)
- የዓይን ቢጫ መሆን

ቢጫውን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይመጣም። «ዓይኑ ነጭ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ቢጫ ከሆነ ደግሞ ለወፍ በሽታ የሚጠጣ ሥር፣ እንዶድ ወይም መተኮስ አይሞከርበት፤ በደከመ ጉበት ላይ ሌላ መርዝ መጨመር ነው።

*ወባ ሲገኝ።* ከጊቤ ወገን ቆላ ለምትኖሩ ይህ ዋና ወጥመድ ነው። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ደሙ ይታያል፣ ወባ ይገኛል፤ ሁሉም እፎይ ብሎ የወባ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ወባ መገኘቱ ጉበቱን ነጻ አያወጣውም። የወባው ሕክምና ይጀመር፣ ስኳሩና ጉበቱም ይታይ።

*ምን ትይዛላችሁ፦* ጠርሙሱን፣ ሲሪንጁን፣ የፌስታሉን መድኃኒት፣ ካርዱን፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የድሮ ውጤት። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ይጻፍላችሁ፤ ወረቀት ፍለጋ ግን ሰዓት አታቃጥሉ። የአካባቢው ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ነው፤ በድንገተኛ በር ግቡ፣ የተመላላሽ ወረፋ አትያዙ።

*ምን ትላላችሁ፦* «ልጁ ቫልፕሮኤት ይወስዳል። የመጨረሻውን ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰጥቼዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ አልበላም። ስኳሩን፣ ጉበቱንና አሞኒያውን እዩልኝ።» በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ። «አሞታል» ብቻ ካላችሁ ወረፋ ውስጥ ትቀራላችሁ።

*የሚቀጥለው መጠን።* ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ሆስፒታል ለመድረስ ሞክሩ፤ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። መንገድ ላይ ከደረሰባችሁ ለፈዘዘ ልጅ አፍ ውስጥ ምንም አታፍሱ፤ ይታነቃል።

ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱ ቆሞ በሌላ ሊተካ፣ ካርኒቲን በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት በቫልፕሮኤት ጉበታቸው በጽኑ የተጎዳ ሕሙማንን አነጻጽሮ ነበር፦ ካርኒቲን ከተሰጣቸው 42 ውስጥ 48 በመቶ ተርፈዋል፣ ካልተሰጣቸው 50 ውስጥ 10 በመቶ። ቀድሞና በደም ሥር የተሰጠው የተሻለ ነበር። ስለዚህ «ካርኒቲን ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሜሮፔኔም የሚባል የመርፌ አንቲባዮቲክ ከታዘዘ ደግሞ ልጁ ቫልፕሮኤት ላይ እንደነበር አስታውሱ፤ የቫልፕሮኤትን መጠን ደም ውስጥ በአንዴ ያወርደዋል፣ መጣሉም ይመለሳል።

መንገድ ላይ ቢጥለው

በጎኑ አስተኙት፣ የአንገት ልብሱን አላሉ፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፣ ክብሪት አታሽትቱ፣ ውኃ አትስጡ። 5 ደቂቃ ካለፈ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሩጡ፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ለመድረስ ብላችሁ አትለፉት።

ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለቻችሁ

ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ10 ጽንስ አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ያገኘዋል፤ ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑትም በአእምሮ እድገት ይዘገያሉ። ፎሊክ አሲድ ይህን አያጠፋውም። ልጅቷ የወር አበባ ማየት ስትጀምር ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደገና እንዲያየው ቀጠሮ ያዙ፤ ትዳር እስኪመጣ አትጠብቁ። እሷም በራሷ አታቋርጥ።

መድኃኒቱ ከተቀየረ በኋላ

በጉበት ምክንያት ቫልፕሮኤት የቆመበት ልጅ ካርዱ ላይ «ቫልፕሮኤት አይሰጠው» ተብሎ በጉልህ ይጻፍለት፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። ታናናሾቹም አንድ ቀን የሚጥል በሽታ ከያዛቸው ታሪኩ ይነገር። የተረፈውን ጠርሙስ ለጎረቤት ልጅ አትስጡ፣ ሽንት ቤትም አትድፉት፤ ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ መልሱት።